«ገንዘቡ ከየት መጣ?»፦ ለኢቢ-5 አመልካቾች የተዘጋጀ ጥያቄና መልስ

ኢቢ-5 በተባለው መንገድ፣ በባለሀብትነት የአሜሪካ ግሪን ካርድ ለማግኘት የሚያመለክቱ ሰዎችን ሰነድ ስተረጉምና ሳደራጅ ዓመታት አልፈዋል። ስለ ገንዘብ ምንጭ ማስረጃ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች በማውቀው መጠን እመልሳለሁ፤ ማመልከቻውን ግን ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያዘጋጀው።

ጥያቄ፦ ማስረዳት ያለብኝ ምን ያህሉን ገንዘብ ነው?

መልስ፦ ሙሉውን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በማርች 2022 የወጣው የአሜሪካ ሕግ 1,050,000 ዶላር ኢንቨስት እንዲደረግ፣ ፕሮጀክቱ በገጠር ወይም ሥራ አጥነት በበዛበት አካባቢ ከሆነ ደግሞ 800,000 ዶላር ይጠይቃል። ለፕሮጀክቱ አስተዳዳሪዎች የሚከፈለው የአገልግሎት ክፍያም ምንጩ መታወቅ አለበት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የሚገኘውን ቤቴን ሸጬ ገንዘቡ ባንክ ገብቷል። የባንኩ መግለጫ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም፤ መግለጫው ገንዘቡ መኖሩን እንጂ ከየት እንደመጣ አይናገርም። የቤቱ ካርታ፣ ቤቱን የገዙበት ወይም የሠሩበት ገንዘብ ማስረጃ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀው የሽያጭ ውል፣ ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ፣ እንዲሁም ገንዘቡ ከገዢው ሂሳብ ወጥቶ እርስዎ ሂሳብ መግባቱን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል። ቤቱ የውርስ ከሆነ የፍርድ ቤቱ የወራሽነት ማረጋገጫ ይጨመርበታል።

ጥያቄ፦ ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ ከተቀበልኩት ያነሰ ቢሆንስ?

መልስ፦ ብዙ ፋይል ሲወድቅ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የተረጎምኩት ውል 4 ሚሊዮን ብር ይላል፤ በዚያው ሳምንት ገዢው ያስገባበት የባንክ ደረሰኝ ግን 15 ሚሊዮን ነበር። ማመልከቻውን የሚያየው የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መርማሪ ስለ ቀሪው 11 ሚሊዮን መጠየቁ አይቀርም፤ «ግብር እንዲቀንስልን ዋጋውን ዝቅ አደረግነው» ማለት ደግሞ ጥፋትን በራስ አንደበት ማመን ነው። ገና ያልሸጣችሁ፣ እባካችሁ እውነተኛውን ዋጋ አስጽፋችሁ ግብሩን ክፈሉ። የሸጣችሁ ደግሞ ምንም ነገር ከመፈረማችሁ በፊት ለጠበቃው ሁሉንም ንገሩት፤ ሐሰተኛ ቃል መስጠት ማመልከቻው ውድቅ ከመሆኑም የከፋ መዘዝ አለው።

ጥያቄ፦ የቁጠባዬ አንድ ክፍል የእቁብ ገንዘብ ነው። ይቀበሉታል?

መልስ፦ ሊቀበሉት ይችላሉ፤ ነገር ግን እቁብ በራሱ የገንዘብ ምንጭ አይደለም፣ የከፈሉት ተጠራቅሞ የተመለሰልዎ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚረጋገጠው መዋጮውን የከፈሉበት ገቢ ነው። በአንድ ፋይል ውስጥ የእቁብ ጸሐፊው በተማሪ ደብተር ላይ እሑድ እሑድ የመዘገበውን፣ ስምና ፊርማ የሞላበትን መዝገብ ገጽ በገጽ ተርጉሜያለሁ፤ የእቁቡ ዳኛ (ሰብሳቢ) የጽሑፍ ምስክርነትም ተያይዟል። ደብተሩን ተአማኒ ያደረገው ግን በየሳምንቱ ከአመልካቹ ሂሳብ የወጣው ገንዘብ ከመዋጮው ጋር ልክ መግጠሙ ነበር።

ጥያቄ፦ ዱባይ የሚሠራው ወንድሜ በስጦታ ቢሰጠኝስ?

መልስ፦ ይቻላል፤ ስጦታው የእውነት ስጦታ መሆን አለበት፣ ወንድምዎም የራሱን ገንዘብ ምንጭ እንደ እርስዎ ያስረዳል። ሕጉ የ7 ዓመት የግብር ሰነድ ይጠይቃል፤ ኤምሬትስ ውስጥ በደመወዝ ላይ ግብር ስለሌለ ይህንኑ በመግለጽ የሥራ ውሉን፣ የደመወዝ ማረጋገጫውንና የባንክ መግለጫውን ያቀርባል።

ጥያቄ፦ እዚህ ብር ሰጥቼ አሜሪካ ውስጥ ዶላር ብቀበልስ?

መልስ፦ አያድርጉት። ድርጊቱ በኢትዮጵያ ሕግ የተከለከለ ከመሆኑም በላይ፣ ዶላሩ የሚመጣው ከማያውቁት ሰው ሂሳብ ስለሆነ የእርስዎ ብር ታሪክ አዲስ አበባ ላይ ይቋረጣል። የአሜሪካው ሕግ በአመልካቹ ስም ገንዘብ ያስተላለፈ ሁሉ ማንነቱ እንዲገለጽ ያዛል፤ ያ ሰው ዶላሩን ከየት እንዳገኘው የሚያስረዳ ወረቀት ሊሰጥዎ ፈቃደኛ የሚሆን አይመስለኝም። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላም ካፒታል ከአገር ማውጣት በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የተገደበ ነው። ስለሆነም ቤት ከመሸጥዎ በፊት ባንክዎ ሄደው ገንዘቡ በሕጋዊ መንገድ መውጣት ይችል እንደሆነ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ 800,000 ዶላር ከአቅሜ በላይ ነው። ሌላ መንገድ አለ?

መልስ፦ ኢትዮጵያና አሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1953 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ስምምነት ስላላቸው ኢትዮጵያውያን ኢ-2 ለተባለው የባለሀብት ቪዛ ማመልከት ይችላሉ። በቁጥር የተወሰነ ዝቅተኛ መጠን የለውም፤ ቪዛው ግን ጊዜያዊ ነው፣ በራሱም ግሪን ካርድ አያስገኝም። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ እዚያም ይጠየቃሉ።