የፓርኪንጉ ሰርቨር ተቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ

ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ፓርኪንግ የሚያስተዳድሩ ጠያቂ እንዲህ ብለዋል፦ «ጠዋት ስንገባ የሰርቨሩ ፋይሎች በሙሉ ስማቸው ተቀይሯል። በቢትኮይን ክፈሉ የሚል ጽሑፍም አለ። ትኬት አይታተምም፣ ባሪየሩ አይነሳም። ሌሊት ቢሮው ውስጥ ማንም አልነበረም። ምን ላድርግ?»

ማንም ካልነበረ፣ በዚያ ሰዓት ኢሜይል ከፍቶ ያስገባው ሰው የለም። እኔ የምጠረጥረው ሪሞት ዴስክቶፕን፣ ማለትም ሰርቨሩን ከሩቅ ሆኖ በኢንተርኔት ማዘዣውን ነው።

አሁኑኑ የኔትወርክ ኬብሉን ይንቀሉ። ባክአፕ (የፋይሎችዎ መጠባበቂያ ቅጂ) ያለበትን ዲስክ ግን እንዳይሰኩበት! እሱም ይቆለፋል። ባሪየሩን ብሬከሩን አጥፍተው በማንዋል ቁልፉ ይልቀቁትና በካርኒ ያስከፍሉ።

ከዚያ ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት ኢቬንት ቪውወር ውስጥ ሴኪዩሪቲን ከፍተው 4625ን ይፈልጉ፤ ያልተሳካ የመግባት ሙከራ ቁጥር ነው። ሌሊቱን በየሰከንዱ የተደረደረ ያልተሳካ ሙከራ፣ መጨረሻው ላይ ሎጎን ታይፑ 10 (በሪሞት ዴስክቶፕ) የሆነ 4624፣ ማለትም የተሳካ መግቢያ ካዩ፣ የገቡት በዚያ ነው። ከቤቱ ሆኖ ለመሥራት እንዲመቸው የሪሞት ዴስክቶፕን በር፣ ፖርት 3389ን፣ ራውተሩ ላይ ከፍቶ የሄደ ባለሙያ ይኖራል። ክራክ (ላይሰንስ የሌለው) ዊንዶውስ ጭኖ ከሆነ፣ አንቲቫይረሱንም ያጠፋው እሱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሥራ ያናድደኛል፤ የሰው እንጀራ ነው የሚዘጋው።

«እኔ እከፍተዋለሁ» የሚል ሰው ገንዘብዎን እንዳይበላ፣ አሠራሩን ልንገርዎ። ቫይረሱ ብዙውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ፋይል አዲስ ቁልፍ ይፈጥራል፤ ስልቱ ኤኢኤስ ይባላል። ፋይሉን ከቆለፈ በኋላ ያንን ቁልፍ ራሱን አርኤስኤ በሚባል ሌላ ስልት መልሶ ይቆልፈዋል። አርኤስኤ ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ ይቆልፋል እንጂ የቆለፈውን መክፈት አይችልም፤ የሚከፍተው ሌላኛው ነው። ሰርቨርዎ ላይ የገባው ቆላፊው ብቻ ነው። መክፈቻው ሌቦቹ ጋ ነው ያለው። ስለዚህ ዲስኩን ቢበረብሩት አያገኙትም። ተስፋ የሚኖረው ሌቦቹ ፕሮግራሙን ሲጽፉ ከተሳሳቱ ወይም ፖሊስ ቁልፎቻቸውን ከያዘ ነው። እንዲህ የተገኙ መክፈቻዎችን የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል ያለበት ኖ ሞር ራንሰም የተባለ ድረ ገጽ በነፃ ይሰጣል። ከተቆለፉት ፋይሎች አንድ ሁለቱንና ገንዘብ የሚጠይቀውን ጽሑፍ በባዶ ፍላሽ ወስደው በሌላ ኮምፒውተር ይሞክሩ።

አይክፈሉ። ከፍለው ፋይላቸውን ያላገኙ አሉ። ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ያመልክቱ።

የተቆለፈውን ዲስክ ፎርማት ሳያደርጉ ያስቀምጡት፤ መክፈቻው ነገ ሊወጣ ይችላል። አዲስ ዲስክ ሲገዙ ስም የለሹን ርካሽ ይተዉት፤ ጊዜ ሳይቆይ ይከዳዎታል። ዊንዶውስን ከነላይሰንሱ ይጫኑ፣ 3389ን ይዝጉ፣ ፓስወርዶቹን ሁሉ ይቀይሩ። ባክአፑን የሚሰኩት ያኔ፣ አዲሱ ላይ ብቻ ነው። አሮጌው ላይ በፍጹም! ገልብጠው ሲጨርሱም ወዲያው ይንቀሉት።