ስብም ለቅሶም የሆነው «ብለበር» በአማርኛ ምን ይባል?

ጥያቄ፦ የልጆች ታሪክ ከእንግሊዝኛ እየተረጎምኩ ነው። «ብለበር» የሚለው ቃል አንድ ገጽ ላይ የዓሣ ነባሪ ስብ ነው፣ ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ ልጁ ወንድሙ መጫወቻውን ስለቀማው ያለቅሳል፤ እዚያም ያው ቃል። እንዴት ነው ነገሩ? ስቡንስ ሞራ ልበለው ወይስ ጮማ?

መልስ፦ ሁለቱንም የሚይዝ አንድ ቃል አይፈልጉ፤ የለንም። እንግሊዝኛውም ቢሆን የተገጣጠመለት በውሃ በኩል ነው። ቃሉ በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግድም አረፋ፣ የሚፍለቀለቅ ውሃ ማለት ነበር፣ የውሃውን ድምፅ አስመስሎ የወጣ ሳይሆን አይቀርም። ብዙም ሳይቆይ ፊቱ በእንባ ለሚርስ ሰው ዋለ። የዓሣ ነባሪ ስብ የሚለው ትርጉም ግን የጠራው ዘግይቶ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን ነው።

እኔን የሚገርመኝ የኛ አካሄድ ነው። እኛም የሚፈላና የሚፈልቅ ነገርን ለሰው ስሜት እናውሰዋለን፣ ግን ወደ ሳቅ ወሰድነው። ወጥ ይንተከተካል፣ ሰውም «እየተንተከተከ ሳቀ» ይባላል። ፊቷ ሁልጊዜ የሚያበራ ሴት ፍልቅልቅ ናት። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ሥር ተከትሎ «ልጁ ተንተከተከ» ብሎ የሚተረጉም ሰው አለቀሰ ሲል አሳቀው ማለት ነው።

ወደ ስቡ ስንመጣ፣ ሞራ አይሆንም። ሞራ በግ ሲታረድ ጨጓራውንና አንጀቱን እንደ ነጠላ ሸፍኖ የሚገኘው ስስ ስብ ነው፤ ሞራ ገላጭ የሚያነበው እሱን ነው፣ ዓይን ላይ የሚጋርደውም በዚሁ ስም የዓይን ሞራ ተብሏል። የዓሣ ነባሪው ግን ከቆዳው ሥር ነው ያለው፣ ውፍረቱም በአንዳንዱ ዝርያ ግማሽ ሜትር ይጠጋል፣ በቀዝቃዛ ባሕር ሙቀቱን የሚይዝለትም እሱ ነው። ጮማ ካሉ ደግሞ አንባቢው ቢላዋና አዋዜ ይታየዋል። (የሰሜን ዋልታ አካባቢ ሰዎች ከነቆዳው ቆርጠው ይበሉታል፣ ታሪኩ ስለነሱ ከሆነ ጮማም ብዙ አያስነውርም።) ለልጆች «የዓሣ ነባሪው ወፍራም ስብ» በቂ ነው። «ዓሣ አንበሪ» ብለው ቢጽፉም ስሕተት አይደለም፣ ግዕዙ «ዓንበሪ» ነው፣ የዮናስን ታሪክ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል።

ለቅሶው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንግሊዝኛው ትንሽ ንቀት አለበት፦ ድምፅ የበዛበት፣ ንፍጥ የተቀላቀለበት፣ ንግግሩ የማይሰማ ለቅሶ ነው። ለዚህ «ተነፋረቀ» ልክ ይመጣል። «አነባ» ድምፅ የለውም፣ ለግጥም ይቆየን። «ተንሰቀሰቀ» እና «ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ» እውነተኛ ሐዘን ናቸው፣ አንባቢው አንጀቱ ይበላል እንጂ አይሰለቸውም። በተቃራኒው ደግሞ እናቷ የሞተባትን ሴት «ተነፋረቀች» ብሎ መጻፍ ስድብ ነው። የርስዎ ልጅ ግን መጫወቻ ነው የተቀማው፤ «እየተነፋረቀ ለእናቱ ሊናገር ሮጠ» ይበሉት።