የቀለም ብዕር ለምን ያፈሳል? ጥያቄና መልስ

ብዕሬ ሙሉ ሲሆን ደህና ይጽፋል፤ ቀለሙ ሊያልቅ ሲል ግን ወረቀቱ ላይ ጠብ ይላል። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም፤ ቀለሙን የሚገፋው አየር ነው። ቀለሙ ሲጎድል ቦታውን አየር ይይዘዋል፣ አየሩም በእጅዎ ሙቀት ሲለጠጥ ቀለሙን በጫፉ በኩል ያስወጣዋል። ከጫፉ ስር ያሉት ስስ ሽንሽኖች የተሠሩት ይህን ትርፍ ለመያዝ ነው፤ እነሱም ከሞሉ ይንጠባጠባል። የሚብሰው ቀለሙ በቀጥታ ቀፎው ውስጥ በሚጨመርባቸው ብዕሮች ነው። እነዚህን ከሲሶ በታች ሳይወርዱ ይሙሏቸው። ኮንቨርተር (ቀለም ከብልቃጥ ስቦ የሚይዝ፣ ቀፎው ውስጥ የሚገባ ትንሽ ቱቦ) የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሊትር ስለማይበልጥ አየሩም ትንሽ ነው።

ቀፎው ከመያዣው (ስንጽፍ በጣት ከምንይዘው ክፍል) ጋር የሚገጥምበት ጥርስ ያረጥባል።

ጥርሱን አጥበው ያድርቁና የሲሊኮን ግሪስ በስሱ ይቀቡ። ቫዝሊን አይሁን፤ አንዳንድ ጎማዎችን ያሳብጣል። ከዚያ በኋላም ካረጠበ መያዣውን ብርሃን ላይ ይዘው ስንጥቅ ይፈልጉ። የተሰነጠቀን ግሪስ አያድነውም።

አውሮፕላን ላይስ?

ወይ ጢም አድርገው ይሙሉት፣ ወይ ባዶ አድርገው አጥበው ይያዙት። አደገኛው ግማሽ ሙሉው ነው፤ አውሮፕላኑ ሲወጣ የውስጡ ግፊት ይቀንስና በብዕሩ ያለው አየር ይለጠጣል። ጫፉን ወደ ላይ አድርገው ካቆሙት ግን አየሩ ከቀለሙ በላይ ስለሚሆን የሚወጣው አየሩ ብቻ ነው።

ክዳኑን ስከፍት መያዣው በቀለም ተለውሶ አገኘዋለሁ።

ተዘቅዝቆ ወይም ሲንገጫገጭ ውሏል። በመሳብ የሚከፈት ክዳን ከሆነ ደግሞ በኃይል ሲነቀል ቀለም ይስባል፤ ቀስ ብለው ይክፈቱት። ብዙ ሰው የሚረሳው የክዳኑን ውስጥ ማጽዳት ነው፤ እዚያ የቀረው ቀለም መልሶ መያዣውን ይለውሰዋል። በውሃ አለቅልቀው በተጠቀለለ ሶፍት ያድርቁት።

ስሞላ እጄም ጠረጴዛውም ቀለም ይሆናል።

ብልቃጡን በወፍራም ፕላስተር ጥቅል ቀዳዳ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ቢነካም አይገለበጥም። ጫፉን እስከ መያዣው አፍ ነክረው ይሳቡ። ከቀለሙ አውጥተው 3 ጠብታ ወደ ብልቃጡ ይመልሱ፣ ጫፉን ወደ ላይ አዙረው ኮንቨርተሩን እስከ መጨረሻው ይሳቡ። ይህ በሽንሽኖቹ መካከል የቆመውን ትርፍ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፤ ብዙዎች ይህን ስለሚዘሉት ነው ገና እንደሞሉ የሚንጠባጠብባቸው። መጨረሻ ላይ መያዣውን በሶፍት ይጥረጉ። ከመጻፍዎ በፊትም ብልቃጡን ይክደኑ።

ልብስ ላይ ከፈሰሰስ?

አይሹት፤ ይሰፋል። በሶፍት እየተጫኑ ያስመጥጡ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ከጀርባው በኩል ያጥቡት። ብረት ያለበት ቀለም ከሆነ በረኪና አያስጠጉት፤ የዝገት ቡኒ ያስቀራል።