ሩዙ ለምን ገንፎ ሆነብኝ? የጓዳ ጥያቄዎችና መልሶች

ባለፉት ሳምንታት ለዚህ ዓምድ የደረሱት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከሐዋሳ የተላኩ ሲሆኑ፣ ጉዳያቸውም የቻይናን፣ የቬትናምንና የሌሎች የእስያ አገሮችን ምግብ በገበያችን በሚገኝ ነገር በቤት ውስጥ ማብሰል ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምሬ አምስቱን ከዚህ በታች መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው በታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ምግብ ቤት የሚቀርበው የተጠበሰ ሩዝ ፍሬው ከፍሬው ተለያይቶ ይመጣል። እኔ ለልጆቼ ስሠራው ግን ካሮቱም ጥቅል ጎመኑም ውኃ እያወጣ ሩዙ ገንፎ ይሆንብኛል። ያለኝ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ጥፋቴ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ ከለመድነው ሙያ የመጣ ይመስለኛል። እኛ ማብሰል የተማርነው በወጥ ነው፤ ወጥ ደግሞ ጊዜ ይሰጣል። ሽንኩርቱ በዝግታ ይቁላላል፣ ሲደርቅ ውኃ ጠብ እናደርግበታለን፣ ኮረሪማው ካለቀብን ጎረቤት ጠይቀን እስክንመለስ እንኳ ድስቱ ይጠብቀናል። የቻይናዎቹ ጥብስ ግን እሳት ላይ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ ምድጃው ከመለኮሱ በፊት የሚከተፈው ተከትፎ፣ የሚለካው ተለክቶ፣ እንቁላሉም ተመትቶ በየሳህኑ መቀመጥ አለበት። ነጭ ሽንኩርቱን እየላጡ ካሮቱን የሚጠብሱ ከሆነ ምግቡ ገና ሳይጀመር ተበላሽቷል።

ውኃ የሚያወጣው ደግሞ ብዛቱ ነው። መጥበሻው የያዘው ሙቀት የተወሰነ በመሆኑ፣ ቀዝቃዛ አትክልት በብዛት ሲገባበት ይበርዳል፤ ከአትክልቱ የሚወጣው ውኃም ወዲያው ተንኖ በመሄድ ፈንታ ከሥር ይጠራቀምና መጥበሱ ቀርቶ መቀቀል ይሆናል። የቻይና ምግብ ቤት የጋዝ እሳት ከቤት ምድጃ በብዙ እጥፍ ስለሚበረታ ይህ ችግር አይነካቸውም። የእርስዎ መፍትሔ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው ድርሻ በላይ አለመጥበስ ነው። ለአምስት ሰው የሚያበስሉ ከሆነ ሦስት ጊዜ ይጥበሱ፤ አሰልቺ ቢመስልም እያንዳንዱ ዙር ከ4 ወይም ከ5 ደቂቃ አያልፍም። መጥበሻውን ባዶውን በደንብ ያግሉት፤ ጠብታ ውኃ ሲጥሉበት ቸስ ብሎ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ዘይቱን ይጨምሩ። በመጀመሪያ እንቁላሉን አገላብጠው ያውጡት፤ ቀጥሎ ካሮቱን፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጎመኑን ይጨምሩና ሁለቱንም ሳይልፈሰፈሱ ያውጧቸው። መጥበሻው እንደገና ሲግል ጥቂት ዘይት ጨምረው ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን መዓዛቸው እስኪወጣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያማስሉ፤ ከዚያ ሩዙ ይገባል፣ በመጨረሻም ያወጡት ሁሉ ይመለሳል። ሶይ ሶሱን (ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ጨዋማ ማጣፈጫ) ሩዙ ላይ ከማፍሰስ ይልቅ በጋለው መጥበሻ ጠርዝ በኩል ያንጠባጥቡት፤ እዚያው ስለሚያርር መዓዛው ይለወጣል።

ስለ ሩዙ ራሱ ደግሞ ጥቂት ልበል። ረጅም ፍሬ ያለውን መርጠው፣ ውኃው እስኪጠራ ድረስ አጥበው፣ ለ1 ኩባያ ሩዝ 1 ኩባያ ተኩል ውኃ ይጨምሩ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ስለሆነም በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ደቂቃ ለእኛ ያንሳል። ውኃ ከመጨመር ይልቅ ምድጃውን አጥፍተው ድስቱን ሳይከፍቱ 10 ደቂቃ ያህል ቢተዉት በገዛ እንፋሎቱ ይበስላል።

ባለሙያዎቹ ለጥብስ የሚመርጡት ያደረ ሩዝ ነው፤ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ስታርች ስለሚጠነክር ፍሬው አይጣበቅም። ነገር ግን ያደረ ሲባል ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረ ማለት ነው። ባሲለስ ሴሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ዘሩ በመፍላት አይሞትም፤ ሩዙ በሞቀ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ሲቀመጥ ይራባና መርዝ ያመነጫል፣ መርዙም ሩዙን መልሶ በማሞቅ አይጠፋም። የሐዋሳን ሙቀትና የመብራቱን መጥፋት ስናስብ፣ ጠረጴዛ ላይ ክዳን ተደርጎ ያደረ ሩዝ ለልጆች አይሰጥም። ማቀዝቀዣ ከሌለዎት የበሰለውን ሩዝ በንጹሕ ሰፌድ ላይ ስስ አድርገው ዘርግተው፣ ቀጭን ጨርቅ ጣል አድርገውበት፣ አየር በሚገባበት ቦታ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያናፍሱትና ወዲያው ይጥበሱት። ሰፌድ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስል እንፋሎቱን በላይም በታችም ያስወጣል፤ እኔ ማቀዝቀዣ እያለኝም የምጠቀመው በእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሥራ ስለምትውል በቤታችን የማበስለው እኔ ነኝ። በጾም ወራት ከሽሮና ከምስር የተለየ ነገር ማቅረብ ብፈልግም ቶፉ የሚባለውን በአቅራቢያዬ አላገኘሁትም። በቤት መሥራት ይቻላል? ደግሞስ ኦይስተር ሶስ ለጾም ይሆናል? (ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቻይናዎችና ጃፓኖች የሚበሉት ቶፉ ከአኩሪ አተር ወተት ረግቶ የሚጨመቅ በመሆኑ፣ አይብ የማውጣት ያህል ድካም አለው። ይልቅስ ወደ ምያንማር ልውሰድዎት። በዚያች አገር የሻን ሕዝብ ቶፉ የሚለው በሽምብራ ዱቄት የሚሠራውን ነው፤ መርጋትም መጨመቅም የለበትም፣ ቀለሙም በእርድ ቢጫ ነው። ሽምብራና እርድ ደግሞ በየትኛው ቤት ይጠፋል?

ነገሩ የሚከብደው ዱቄቱ ላይ ነው። ለሽሮ የሚዘጋጀው እህል አስቀድሞ ስለሚታመስ ጥሬው እንደሚጠጥረው አይጠጥርም፣ ቅመም ካለው ደግሞ ጣዕሙ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ያልታመሰ የሽምብራ ክክ ገዝተው፣ ለቅመው ያስፈጩ። ወፍጮ ቤት ሲሄዱ ከእርስዎ በፊት በርበሬ ያስፈጨ ሰው አለመኖሩን ይጠይቁ፤ እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ ቤተሰቡን ሁሉ ያስነጠሰ ቶፉ አቅርቤ አውቃለሁ።

1 ኩባያ ዱቄት በ1 ኩባያ ተኩል ቀዝቃዛ ውኃ ሳይጓጉል በጥብጠው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምረው ለግማሽ ሰዓት ያህል ያስቀምጡትና በወንፊት ያጥልሉት። ሌላ 1 ኩባያ ተኩል ውኃ ድስት ውስጥ አፍልተው፣ ብጥብጡን በቀጭኑ እያፈሰሱ ያማስሉ። ከዚህ በኋላ እጅ ማረፍ የለበትም። መካከለኛ እሳት ላይ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ሲማሰል መጀመሪያ እንደ አጥሚት፣ ቀጥሎ እንደ ሽሮ፣ በመጨረሻም ማማሰያውን የሚይዝ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ይሆናል፤ ጥሬ ጥሬ የሚለው ጣዕም መጥፋቱን ቀምሰው ያረጋግጡ። ዘይት በተቀባ ጎድጎድ ያለ ሳህን ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት እንዲኖረው አድርገው ሲገለብጡት፣ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ በቢላ የሚቆረጥ ይሆናል።

ሻኖች ይህን በብዙ መንገድ ይበሉታል። ሳይጠጥር ትኩሱን በኑድል ላይ ያፈሱታል፤ ከጠጠረ በኋላ በስሱ ቆርጠው በዘይት ይጠብሱታል፤ ወይም ሳይጠብሱ እንደ ሰላጣ ያደርጉታል። ለጾም እኔ የምመርጠው የመጨረሻውን ነው፦ በቀጫጭኑ የተቆረጠው ቶፉ ላይ በዘይት ወርቃማ እስኪሆን የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት ከነዘይቱ፣ ሎሚ፣ የተቆላና ሸክሸክ የተደረገ ለውዝ፣ ጥቂት ሶይ ሶስና ደቀቅ ያለ ቃሪያ ይጨመርበታል። መጥበስ ከፈለጉ ግን ቢላውን አያሳሱ፤ ከውጭ ተንኮሽኩሾ ከውስጥ ለስላሳ የሚሆነው የጣት ውፍረት ሲኖረው ነው።

ኦይስተር ሶስ ስሙ እንደሚለው ከባሕር ዛጎል ለበስ እንስሳ የሚሠራ ነው፤ ፊሽ ሶስም በጨው ከተብላላ ዓሣ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። በጾም ዓሣ መብላት አለመብላትን በተመለከተ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ እንጂ የጓዳ ዓምድ አይፈርድም። ሶይ ሶስ ግን ከአኩሪ አተር፣ ከስንዴ፣ ከጨውና ከውኃ ስለሚሠራ ከእንስሳ የመጣ ነገር የለበትም።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ በኪራይ ክፍሌ ያለኝ አንድ ምድጃና አንድ ድስት ነው። ኑድል እወዳለሁ፣ ኪሴ የሚፈቅደው ግን ፓስታ ነው።

መልስ፦ ልጄ፣ ፓስታሽ ይበቃሻል። ለብዙዎቹ የቻይናና የጃፓን ኑድሎች ያንን የመለጠጥ ባሕርይና ቢጫ መልክ የሚሰጣቸው ሊጡ ላይ የሚጨመር አልካላይን (የሶዳ ባሕርይ ያለው) ጨው ነው። ቀጭኑን ስፓጌቲ ስትቀቅዪ በ2 ሊትር ውኃ 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ብትጨምሪ ወደዚያ የሚቀርብ ነገር ታገኛለሽ። ውኃው አረፋ ደፍቆ ስለሚገነፍል ድስቱን አትሙዪው፤ ሶዳው ራሱ ጨዋማ ስለሆነም ሌላ ጨው አያስፈልግም። ስታጠልዪው ጥቂት ንጹሕ የፈላ ውኃ አፍስሺበት፤ አለበለዚያ የሳሙና ጣዕም ይቀርበታል።

ለማባያው የለውዝ ቅቤ አለልሽ። ኢንዶኔዥያውያን በከሰል በተጠበሰ ሥጋ ላይ የሚያፈሱት የለውዝ ድልህ እጅግ ቀላል ነው፦ 3 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ የ1 ሎሚ ጭማቂ ወይም ጥቂት አቼቶ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ቁንጥር ሚጥሚጣ በሙቅ ውኃ እስኪቀጥን ታሺዋለሽ። እሳት እንኳ አይፈልግም።

ጥያቄ፦ ሐይቃችን ዳር ተወልጄ አድጌ ዓሣ የማውቀው ጥብሱን፣ ጉላሹንና ሾርባውን ብቻ ነው። እስያውያን እንዴት ይሠሩታል? ሱሺንስ በእኛ ዓሣ መሥራት ይቻላል? (ከሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ በጠዋት አሞራ ገደል ወርዶ ከጀልባ የወረደ ቆሮሶ መግዛት ለሚችል ሰው፣ የደቡብ ቻይናዎቹ የእንፋሎት ዓሣ የሚያስቀና አይደለም፤ ከእነሱ እኩል መሥራት ይችላሉ። ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሙሉ ዓሣ አስጠርገው፣ ጎንና ጎኑን ሁለት ሦስት ቦታ ሰንጥቀው፣ በሆዱ ዝንጅብል ይክተቱበት። ሰፊ ድስት ውስጥ ትንሽ ሳህን ደፍተው ውኃ ያፍሉ፤ ዓሣውን በሌላ ሳህን አድርገው እላዩ ላይ ያስቀምጡና ይክደኑት። ድስቱን መክፈት የሚገባዎት ከ12 ደቂቃ በኋላ ነው፤ ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ ከለቀቀ ደርሷል። ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ፈሳሽ ይድፉት፣ የዓሣ ሽታ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነውና። ከዚያ እንደ ክር የተከተፈ ዝንጅብልና ባሮ ሽንኩርት ከላይ በትነው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጢስ እስኪጀምር አግለው ያፍስሱበት፤ የሚንጫጫው ድምፅ ሳያባራ ሶይ ሶስ ጨምረው ለገበታ ያቅርቡት። ዝንጅብሉን ከወላይታ ወይም ከከምባታ የመጣውን ትኩሱን ይፈልጉ፤ ደረቁ እዚህ ላይ አይሠራም።

አምባዛ ለእንፋሎት አይሆንም፤ ሥጋው ቅባታም ሲሆን አንዳንዴም ጭቃ ጭቃ ይላል። ለእሱ የቬትናሞቹ ዘዴ ይሻላል። 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ድስት ውስጥ ቡናማ እስኪሆን አቅልጠው፣ ጥቂት ሙቅ ውኃ በጥንቃቄ ጨምረው፣ የአምባዛውን ቁራጮች፣ ሶይ ሶስ፣ ነጭ ሽንኩርትና ብዙ ቁንዶ በርበሬ ይጨምሩና ፈሳሹ እንደ ማር እስኪወፍር በዝግታ ያብስሉት። እነሱ ሶይ ሶሱን ትተው ፊሽ ሶስ ይጠቀማሉ።

ስለ ሱሺ፣ ማለትም ጃፓኖች ከሩዝና ብዙ ጊዜ ከጥሬ ዓሣ ስለሚሠሩት ምግብ፣ ግን መልሴ አይሆንም ነው። የከተማችን ሰው በሐይቁ ዳር ጥሬ ዓሣ በሚጥሚጣ እንደሚበላ አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው መብላቱ ግን በንጹሕ ውኃ ዓሣ ውስጥ የሚኖሩትን ጥገኛ ትሎች አያጠፋቸውም። ጥሬ የሚበላ ዓሣ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለ7 ቀን እንዲቀዘቅዝ የሚመከረው ለዚሁ ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ደግሞ ይህን ቅዝቃዜ መጠበቅ አይቻልም። ሩዙን ጠቅልለው መብላት ካማረዎት በውስጡ እንቁላል፣ አቮካዶና ኪያር ያድርጉበት።

ጥያቄ፦ ሶይ ሶስ ተወደደ። በምን ይተካል? ነጩ የማጣፈጫ ዱቄትስ ይጎዳል ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ በትክክል የሚተካው የለም። ለማዳረስ ያህል ግማሽ የሻይ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ጨውና ቡናማ እስኪሆን የቀለጠ ጥቂት ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠቀም ይቻላል፤ ቲማቲም በተፈጥሮው ግሉታሜት የተባለው ምግብ የሚያጣፍጥ ንጥረ ነገር ስላለው ነው የሚቀርበው። ይኸው ግሉታሜት ነው ነጩ ዱቄት ውስጥ ያለው፤ ጃፓናዊው ኪኩናኤ ኢኬዳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 ከባሕር አረም ለይቶ አወጣው። በምግብ ላይ በሚነሰነሰው መጠን ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የለውም፤ ሶዲየም ስላለው ግን የደም ግፊት ያለበት ሰው ከጨው ጋር ደምሮ ይቁጠረው። ሶይ ሶስ ሲገዙ በአኩሪ አተርና በስንዴ ተብላልቶ የተሠራውን ከቀለምና ከኬሚካል ከተቀመመው ለመለየት የጠርሙሱን ጀርባ ያንብቡ። ዋጋው ቢበልጥም በአንድ ጊዜ የሚፈልጉት አንድ ማንኪያ ስለሆነ ትንሿ ጠርሙስ ሳምንታት ትቆያለች፤ ከተከፈተች በኋላ ግን ከምድጃው አጠገብ አታስቀምጧት፣ ሙቀቱ መዓዛዋን ይገድለዋል።