ባሕር በሌለበት አገር ፕላንክተን ማጥናት ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ጎንደር የባዮሎጂ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት ቦታ ማዳበሪያና ፍሳሽ የፕላንክተንን (ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቂቅ ዕፅዋትና እንስሳት) አመጋገብ እንዴት እንደሚያዛባ ማጥናት እፈልጋለሁ። እናቴ «ባሕር በሌለበት አገር ማን ይቀጥርሻል?» ትለኛለች። ልተወው?

መልስ፦ እናትሽ እውነታቸውን ነው። «የባሕር ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ጎንደር ላይ ብትጠብቂ ሰሌዳ ስታዪ ትከርሚያለሽ። ግን አትተዪው፤ ውኃውን ቀይሪ።

አንገረብና ቀሃ የሚባሉት ወንዞች የከተማችንን ቆሻሻ ይዘው መገጭ ወንዝ ይገባሉ። መገጭ ደግሞ የደንቢያን አፈርና ማዳበሪያ ጨምሮ ጣና ይገባል። እዚያ ጨውም፣ በየቀኑ እየሞላ የሚጎድል የባሕር ውኃም ስለሌለ ነገሩ አንድ አይደለም። ማን ማንን ይበላል የሚለው ጥያቄሽ ግን ያው ነው።

ዳያተም የሚባለው አልጌ ቅርፊቱን የሚሠራው መስተዋት ከሚሠራበት ማዕድን፣ ከሲሊካ ነው። ፍሳሽና ማዳበሪያ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያበዛሉ እንጂ ሲሊካ እምብዛም አይጨምሩም። ሲሊካው ሲያልቅ ዳያተም ይቆማል፤ የተረፈውን ሌሎች ይሻሙታል። በባሕር ጠረፍ ብዙ ጊዜ ጅራታም ጥቃቅን አልጌዎች ይረከቡታል፤ እንደ ጣና ባለ ጨው አልባ ውኃ ደግሞ ማይክሮሲስቲስ የሚባል ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ አለ። ማይክሮሲስቲስ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይጓጉላል። አልጌ ለምትበላው ደቂቅ የውኃ እንስሳ፣ ለኮፔፖድ፣ አፍ አይመችም፣ ቢበላም ገንቢ ስብ የለውም፣ አንዳንዱም መርዛም ነው። ውኃው አረንጓዴ ሆኖ፣ ምግብ የሞላ መስሎ፣ ኮፔፖድ ይራባል ማለት ነው! ጣና ውስጥ ደግሞ እነዚህን ደቂቅ እንስሳት እየበላ የሚኖር ዓሣ አለ። ጣጣው ለዓሣ አጥማጁም ይተርፋል።

ወደ እንጀራው እንምጣ። ቀጣሪ የሚፈልገው እጅሽንና ዓይንሽን ነው። የውኃው ናሙና እንዳይበላሽ፣ ቀጭን ሻይ እስኪመስል የሉጎል አዮዲን የሚባለውን ፈሳሽ ጠብ ታደርጊበታለሽ። አሳርፈሽ፣ አንድ ሚሊ ሊትር መቁጠሪያ ስላይድ ላይ አድርገሽ፣ በማይክሮስኮፕ እየለየሽ ትቆጥሪያለሽ። አንገት ያደርቃል፣ ያሰለቻል። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ነው የሚሸሸው፤ የሚችል ሰው የሚፈለገውም ለዚሁ ነው። ኤክሴል ብቻ አይበቃሽም፣ «አር» የሚባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ተማሪ፤ ነፃ ነው።

ባሕር ዳርና ሰበታ ያሉትን የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከላት ጠይቂ። የከተሞች የመጠጥ ውኃ ላብራቶሪዎችንም አትናቂ፤ ግድብ አልጌ ሲያበቅል የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ማስተርስ ካሰብሽ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች በዘርፉ ያስተምራሉ። ባሕሩ ካልወጣልሽ፣ ዶክትሬትሽን ጠረፍ ያለው አገር ሄደሽ ትሠሪያለሽ፤ ያን ጊዜ ቆጠራውን የምትችዪ ሆነሽ ነው የምትደርሺ።

ለአሁኑ የመመረቂያ ጥናትሽን ጠበብ አድርጊው፦ መገጭ አፍና ከዚያ ራቅ ያለ አንድ ቦታ፣ ክረምቱ ሳይገባና ከወጣ በኋላ። የጀልባውን ሒሳብ ከአንድ የክፍል ጓደኛሽ ጋር ተካፈሉት። እሱ የውኃውን ኬሚስትሪ ይያዝ፣ አንቺ ፕላንክተኑን።