«ታሪክ አሳምሮ የሚጽፍ» ሰው ልያዝ ወይስ ውዷን ጠበቃ?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ከገባሁ ሰባት ወሬ ነው። ጥገኝነት ልጠይቅ ነው። ሁለት ሰዎች ተጠቁመውልኛል። አንዱ አማርኛ ተናጋሪ ነው። ጠበቃ አይደለም፤ ግን «ብዙ ሰው አስጨርሷል፣ ታሪኩንም አሳምሮ ይጽፍልሃል» ይሉኛል። ዋጋውም ረከስ ይላል። ሌላዋ ጠበቃ ናት። ውድ ናት፤ በዚያ ላይ «ያገኛሉ ብዬ ቃል ልገባልዎ አልችልም» አለችኝ። ቅስሜን ሰበረችው። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ቅስምዎን የሰበረችውን ቶሎ አይተዋት። የነገረችዎት እውነቱን ነው። ውሳኔውን የሚሰጠው የጥገኝነት ኦፊሰር ወይም የኢሚግሬሽን ዳኛ ነው። በሌላ ሰው ውሳኔ ላይ «እኔ አለሁ፣ ያልቃል» የሚል ጠበቃ ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ ኪስዎን እያየ ነው።

ሰውዬውን ግን ይሽሹት። አሜሪካ ውስጥ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ሊወክልዎ የሚችለው ፈቃድ ያለው ጠበቃ ነው፤ ወይም በፍትሕ መሥሪያ ቤቱ እውቅና በተሰጠው የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ ራሱም እውቅና ያለው ተወካይ። ኖተሪ ፊርማ ያረጋግጣል እንጂ ጠበቃ አይደለም። ታክስ የሚሠራልዎትም ሰው እንደዚሁ። ጓደኛ ፎርም ቢሞላልዎ ችግር የለውም፤ ግን የነገሩትን ብቻ ይጻፍ፣ ስሙንም አስፍሮ ይፈርም። ፎርሙ ላይ ለአዘጋጁ የተተወ ቦታ አለ።

አንዲት ደንበኛዬ እንዲህ ካለ ሰው ጋር ከጨረሰች በኋላ ነው የመጣችው። ፎርሙን ገለጥኩ። የአዘጋጁ ቦታ ባዶ ነው። «ማን ጻፈልሽ?» አልኳት። «ስሜን እንዳታነሺ ብሎኛል» አለች፣ ወደ መሬት እያየች። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። የታሰረችው ጥር 12 ቀን 2013 ነው። ሰውዬው ጃንዋሪ 12፣ 2021 ብሎ ጽፎታል። ጥር 12 የዚያ ዓመት ጃንዋሪ 20 ነው! የሐኪም ወረቀቷ ትክክለኛውን ቀን ይዟል፤ ፎርሙ ሌላ ይላል። ምንም ያልዋሸች ሴት ኦፊሰሩ ፊት ውሸታም መሰለች። ሰውዬው «በየትኛው አቆጣጠር ነው?» ብሎ አንዴ ቢጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ስለዚህ ጠበቃዋ ቢሮ ሲሄዱ ስንት ጥያቄ እንደጠየቀችዎ ይቁጠሩ። የገቡበትን ቀን ጠየቀች? በሌላ ሀገር አልፈው ከሆነ፣ እዚያ ምን ያህል እንደቆዩ? ከዚህ በፊት ለቪዛ የሞሉትን ፎርም ለማየት ፈለገች? መንግሥት ያንን ፎርም ፋይል ውስጥ ያገኘዋል። ጠበቃዎ ቀድማ ካላየችው ኦፊሰሩ ያሳያታል። ሁለተኛው ፈተናዬ፣ ከመፈረምዎ በፊት የተጻፈው ሁሉ በአማርኛ ይነበብልዎታል ወይ የሚለው ነው። አማርኛ አለመቻሏ ችግር አይደለም፤ ጥሩ አስተርጓሚ ካላት ይበቃል። ግን «እዚህ ጋ ፈርም፣ ሌላውን ለእኔ ተወው» ከተባሉ ብዕሩን ያስቀምጡ። ፎርሙ ራሱ እንደሚያስጠነቅቀው፣ ሆን ተብሎ የተፈጠረ ታሪክ ከተገኘ ግሪን ካርድን ጨምሮ ማንኛውንም የኢሚግሬሽን ጥቅም ለዘለቄታው ሊያስከለክል ይችላል። «አሳምሮ ይጽፋል» የሚሉት ሰውዬ ያኔ ስልኩን ዘግቷል።

ፈቃዷን ማጣራት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ፈቃድ ያገኘችበት ስቴት የጠበቆች ባር (ጠበቆችን የሚቆጣጠረው አካል) ድረ ገጽ ላይ ስሟን ይፈልጉ፤ የተቀጣች ከሆነም ብዙ ጊዜ እዚያው ይወጣል። ፈቃዷ የሌላ ስቴት ቢሆን አይደንግጡ፤ የኢሚግሬሽን ሕግ የፌዴራል ስለሆነ ከየትኛውም ስቴት ሆና ልትወክልዎ ትችላለች።

ውሉን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ክፍያው ምን ምን እንደሚያካትት ያስጽፉ። ፎርሙን ብቻ? ቃለ መጠይቁንስ? ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢሄድስ? ይግባኝ ቢያስፈልግስ? ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ አስተርጓሚ ይዞ የሚሄደው አመልካቹ ነው፤ ፍርድ ቤት ሲሆን ግን ፍርድ ቤቱ ያቀርባል። አስተርጓሚውን ማን እንደሚከፍል አሁኑኑ ይነጋገሩ። የሚላከውን ሁሉ ኮፒም ይጠይቁ። ኮፒ የማይሰጥ ጠበቃ አይያዙ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ገንዘቡ ከከበደዎት፣ መንግሥት በኢሚግሬሽን ጉዳይ ጠበቃ አያቆምልዎትም። ነገር ግን የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች አስተዳደር በየአካባቢው ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶችን ዝርዝር ያወጣል። ወረፋ አለው፤ ቢሆንም ይደውሉ።

ጠበቃ ከያዙም በኋላ ዓይንዎን አይጨፍኑ። ጉዳይዎ ፍርድ ቤት ከደረሰ፣ ቀጠሮዎን በኤ ቁጥርዎ (ኢሚግሬሽን ለፋይልዎ በሰጠው፣ በ«A» በሚጀምረው ቁጥር) በ1-800-898-7180 ደውለው ራስዎ ማወቅ ይችላሉ። አድራሻ ሲቀይሩ ለፍርድ ቤቱ በ5 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለብዎት። ቀጠሮ ያመለጠው ሰው በሌለበት የመባረር ትእዛዝ ይፈረድበታል፤ «ጠበቃዬ አልነገረችኝም» ማለት ብቻውን አያድንም። በጠበቃ ጥፋት የተዘጋን ጉዳይ እንደገና ለማስከፈት፣ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ1988 እ.ኤ.አ. የሰጠው የሎዛዳ ውሳኔ የሚባል አለ፤ ቃለ መሐላ ያስጽፋል፣ ለጠበቃው አሳውቆ መልስ የሚሰጥበት ዕድል መስጠትን ይጠይቃል፣ ለባሩ አቤት ማለትን ወይም ያላሉበትን ምክንያት ማስረዳትን ይፈልጋል። ረጅም መንገድ ነው።

አሁን የሚያስጨንቀኝ የእርስዎ ሰባት ወር ነው። የጥገኝነት ማመልከቻ በመጨረሻ ከገቡበት ቀን አንሥቶ በ1 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ በእነሱ ግን አይመኩ። የቀረዎት አምስት ወር ነው፤ ታሪክዎን በደንብ ማዘጋጀትና ማስረጃ ከሀገር ቤት ማስመጣት ደግሞ ሳምንታት ይበላል። የገቡበትን ቀን የሚያሳየውን ወረቀትና ፓስፖርትዎን ይዘው በዚህ ሳምንት ወደ ሴትየዋ ይመለሱ። ስንት ጥያቄ እንደጠየቀችዎም ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።