ቴንስ አይሠራም ከማለታችሁ በፊት

በፊዚዮቴራፒ ክፍልና በካንሰር ዋርድ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

"ቴንስ እኮ ብዙም አይሠራም" ስትሉ ደጋግሜ እሰማለሁ፤ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች ቀላል ኮረንቲ እየላከ ህመም የሚያስታግሰውን ትንሽ ማሽን ማለታችሁ ነው። አሠራሩንም አያለሁ። ኤሌክትሮዱ ይለጠፋል፣ ማሽኑ ይበራል፣ ባለሙያው ወደ ሌላ አልጋ ይሄዳል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተመልሶ "እንዴት ነው?" ይላል። "ያው ነው።" ካርዱ ላይ "ለውጥ የለም" ተብሎ ይጻፋል። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው የኮረንቲው መጠን ነው ባይ ነኝ። ሩብ ክኒን ሰጥታችሁ መድኃኒቱ አልሠራም ትላላችሁ?

መነሻውን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል በህብለ ሰረሰር ውስጥ የህመም መልእክት የሚያልፍበት በር አለ አሉ። ንክኪን የሚያደርሱት ወፍራም ነርቮች በደንብ ሲቀሰቀሱ በሩ ይጠባል። ከሁለት ዓመት በኋላ ዎልና ዊልያም ስዊት ሥር የሰደደ ህመም ባለባቸው ሰዎች ላይ በኤሌክትሪክ ሞከሩት፤ ህመሙ ለጊዜው ጠፋ። ንድፈ ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተስተካክሏል። ሰውነት የራሱን ማስታገሻ እንደሚለቅም ታውቋል። ዋናው ነገር ግን አልተለወጠም፦ ነርቮቹ በበቂ ሁኔታ መቀስቀስ አለባቸው። ትንሽ ውርር ማለት አይበቃም። ታካሚው "ጠንከር ይላል፣ ግን አያመኝም" እስኪል ከፍ አድርጉት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሰውነት ይለምደዋል። ያኔ እንደገና ከፍ። ለዚህ ደግሞ አጠገቡ መቆም ያስፈልጋል።

ሰው ኮረንቲ ይፈራል፣ መፍራቱም አይገርምም። ስለዚህ መጀመሪያ የራሳችሁ ክንድ ላይ ለጥፉት። ጣቶቻችሁ ሲንቀሳቀሱ ይታያቸው። "እማማ፣ ይኸው እኔም ላይ አድርጌዋለሁ" በሏቸው። ከዚያ ማስተካከያውን እጃቸው ላይ ስጧቸው። በገዛ እጃቸው ሲሆን እናንተ ከምትደፍሩት በላይ ከፍ ሲያደርጉት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ከመለጠፋችሁ በፊት ቆዳውን በጥጥና በስቴኪኒ ፈትሹ። ኬሞ የወሰዱ ሰዎች እግራቸው ያቃጥላቸዋል፣ በዚያው ላይ ደንዝዟል። የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይናገርም። ስሜቱ ደህና የሆነበትን ቦታ ፈልጋችሁ ከፍ ብላችሁ ለጥፉ።

ሞርፊን ለሚወስዱት ደግሞ ፍሪኩዌንሲውን፣ ማለትም ኮረንቲው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመታ (በሄርዝ የሚለካውን)፣ አስቡበት። ከ2 እስከ 4 ሄርዝ ያለው ዝቅተኛው ሞርፊን በሚሠራበት መንገድ ነው የሚያስታግሰው። ሰውነቱ ሞርፊን የለመደ ሰው ላይ ሊደክም ይችላል። ለእነሱ 100 ሄርዝ አካባቢ ጀምሩ። ቡና ይጠጡ እንደሆነም ጠይቋቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ካናዳ ውስጥ በጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ አንድ ትንሽ ጥናት፣ 200 ሚሊግራም ካፌይን የቴንስን ማስታገሻነት ቀንሶ ተገኝቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለሚጠጣ አገር ችላ የሚባል አይደለም። ቡና ተዉ አትበሏቸው፣ ካለባቸው ህመም ላይ ይህን አትጨምሩባቸው። ቴንሱን ከቡናው በፊት አድርጉት።

የማትለጥፉበትን ታውቁታላችሁ፦ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) ያለው ሰው፣ የአንገት ፊት፣ የነፍሰ ጡር ሆድ፣ የቆሰለ ወይም በቅርብ ጨረር የወሰደ ቆዳ። ዕጢው ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ኦንኮሎጂስቱን (የካንሰር ሐኪሙን) ሳታማክሩ አይሆንም።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የ381 ጥናቶች ግምገማ ቴንስ እየሠራ ሳለና ወዲያው እንደጠፋ ህመምን እንደሚቀንስ አሳይቷል። የካንሰር ህመምን ለብቻው ስናይ ግን ጥናቶቹ ጥቂትና ትንንሽ ናቸው። ስለዚህ "ያድናል" አትበሉ። "ማሽን አለን" ተብሎ የሰው ሞርፊን ሲቀነስ አይቻለሁ። ይህ በደል ነው። ቴንስ ከመድኃኒቱ ጎን የሚቆም ረዳት ነው። ህመምተኛው አሁንም ያመኛል ካለ ያመዋል። ሐኪሙ ጋ ሄዳችሁ ተከራከሩለት።

ስለ ስክራምብለርም ትጠይቁኛላችሁ። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ማሪኔዮ የሠራው ማሽን ነው። ሐሳቡ መልእክቱን ማገድ ሳይሆን በቆዳ ነርቮች በኩል "ህመም የለም" የሚል ሌላ መልእክት መላክ ነው። ኤሌክትሮዶቹ የሚለጠፉት ህመሙ ላይ ሳይሆን ዙሪያው ላይ፣ ስሜቱ ደህና በሆነው ቆዳ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ለ10 ቀን ያህል ይሰጣል። አንዳንዱ ሰው ላይ እፎይታው ለሳምንታትና ለወራት ይቆያል። ተስፋ አለው፣ ማስረጃው ግን ገና እየተሰበሰበ ነው። ዋጋውም ውድ ነው። አንብቡት፣ እወቁት። እሱን እየጠበቃችሁ ግን መሳቢያ ውስጥ ያለውን ቴንስ አቧራ አታልብሱት።

እማማን ወደ ቤት ስትሸኙ ልጃቸው ሲለጥፍ ቆማችሁ እዩ። ቦታውን በስክሪፕቶ ቆዳቸው ላይ አክብቡለት። ባትሪው ሲደክም ምን እንደሚመስል አሳዩት። ሲመለሱም "ከአስር ስንት ነው?" ብላችሁ አታብቁ፤ ቴንስ ጎላ ብሎ የሚታየው ሰው ሲንቀሳቀስ ነውና። ከአልጋ ሲነሱ እንዴት እንደሆኑ፣ ሽንት ቤት በራሳቸው ሄደው እንደሆነ፣ ሌሊቱን ተኝተው እንደሆነ ጠይቋቸው፤ ካርዱ ላይ እሱን ጻፉ።